አንዲት ሽ

ዛሬ እሑድ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። በዚህ ከተማ በዚህ ሰዓት ውሻ እንኳ አይጮህም። የመስኮት መዝጊያ ሁሉ ተዘግቷል፣ የጣሊያኗ ባሪ በሙሉ ምሳዋን በልታ ተኝታለች፣ እኔ ብቻ ጣሪያ አያለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖሬ ከሰዓት በኋላ መተኛት አልለመደልኝም። ቋንቋቸውን ለመድኩ፣ ዓሣ መበለት ለመድኩ፣ እጄን እያወናጨፍኩ ማውራት ለመድኩ፤ እንቅልፋቸው ግን እምቢ አለኝ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ለኪንጋ መደወል አለብኝ። ኪንጋ ልጄ ናት፣ አንድ ልጄ፤ አርባ አራት ዓመቷ ነው፣ ፖላንድ ውስጥ ቶሩን ከተማ ትራም ትነዳለች። ባለፈው እሑድ ደውላ ያለችኝን ሳምንቱን ሙሉ ሳላምጠው ስለከረምኩ ቃል በቃል እችለዋለሁ፦ «የኋላው ክፍል ባዶ ነው። አንዲት ተማሪ ጠይቃኛለች፣ ላከራያት ነበር። እርስዎ የሚመጡ ከሆነ ግን አላከራየውም። እስከ እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት ይንገሩኝ።» እርስዎ። የሚመጡ። ይንገሩኝ።

ልጅ እናቱን ለአክብሮት እርስዎ የሚልበት አገር እንዳለ አንብቤያለሁ። ብዙ ነገር አንብቤያለሁ፣ ሥራዬ ነበር፣ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ። የእኛ አገር ግን እንደዚያ አይደለም። በፖላንድ እርስዎ የሚባለው ሐኪሙ ነው፣ ፖስታ ቤት ያለችው ሴትዮ ናት፣ ትራም ውስጥ እግርህን የረገጠህ ሰው ነው። እናት አንቺ ናት። ሰካራም ብትሆን አንቺ ናት፣ ፕሮፌሰር ብትሆን አንቺ ናት፣ ሞታ መቃብሯ ላይ ሻማ ሲበራላትም አንቺ ናት። ልጅ እናቷን እርስዎ ካለች መሐላቸው ባንኮኒ አለ፤ ባንኮኒው ላይም መስታወት። እንግዲህ እኔ ማወቅ የፈለግኩት ይህን ነው፦ ያ ክፍል ለእናት የተሰጠ ነው ወይስ ለተከራይ? ጉልበቴ እዚህ ቤቴ የሚያደርሰውን ሰባ ሁለት ደረጃ መውጣት ካቃተው ዓመት ሆኖታል። ገበያ የሚሄድልኝ የለም። መሄድ እፈልጋለሁ፣ ይህን ለማንም አልናገርም፣ ግን እፈልጋለሁ። ሆኖም ሰባ አራት ዓመት ሞልቶኝ በልጄ ቤት ኮሪደር ላይ እርስዎ እየተባልኩ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ በጥፍሬ ልሄድ ነው?

ስለዚህ ዘፈኑን እሰማለሁ። ዛሬ ብቻ ስድስተኛዬ ነው።

ዘፋኙ ሴቬሪን ጋይዳ ይባላል፤ አንድ ዘፈን ዘፍኖ ጠፋ። «ካፖርቱ አልቆሸሸም» ነው የዘፈኑ ስም፤ የሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስድስት ክረምት። በዚያ ክረምት ይህን ዘፈን ያልሰማ ፖላንዳዊ ካለ ወይ ደንቆሮ ነው ወይ እስር ቤት ነበር፤ እስር ቤትም ራዲዮ አለ። ነገሩ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው ካፖርቱን ላውንደሪ ይወስዳል፣ ባንኮኒው ጀርባ ያለችው ሴት ደረሰኝ ትሰጠዋለች፣ በሦስተኛው ቀን መጥቶ ይወስዳል፣ በአራተኛው ቀን ያንኑ ካፖርት ይዞ ይመለሳል። ይኸው ነው። አፈቅርሻለሁ የምትል ቃል የለችበትም። ለዘብ ያለ ፒያኖ፣ ከዚያ ድምፁ፤ ድምፁ ደግሞ ጉንፋን ሊይዘው እንደጀመረ ሰው ነው፦

«ለሦስት ቀን ብለው ዝም ብለው ይቀበሉ፤
ካፖርቱ አልቆሸሸም፣ ወይዘሮ ያውቃሉ።»

ክሊፑን ቅዳሜ ማታ ነው በቴሌቪዥን ያሳዩት የነበረው። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ሰዎች ከሥሩ አስተያየት እየጻፉ ይስቁበታል፤ ፀጉሩን እዩት ይላሉ፣ ትከሻውን እዩት፣ ስፖንጁ ከራሱ ሰፍቶ። ይሳቁ። እኔም ጉድለቱን ሁሉ አውቀዋለሁ። በረዶው የፕላስቲክ ብናኝ ነው፣ አንዷ ቅንጣት ከንፈሩ ላይ ተለጥፋ እስከ ሁለተኛው አዝማች አትወድቅም። ሳክስፎን ተጫዋቹ በሙሽራ ቀሚሶች መሐል ቆሞ ይነፋል፣ ለምን እዚያ እንደቆመ ማንም አያውቅም፣ ፊቱ ላይ እሱም እንደማያውቅ ይታያል። ካፖርቶቹ በመስቀያቸው ላይ ያለ ሰው ሲጨፍሩ ክሩ ይታያል። ግን ሴትዮዋ። ሴትዮዋ ተዋናይ አይደለችም፣ ተዋናይ ብትሆን በመጀመሪያው ጊዜ ትሽኮረመም ነበር። ደረሰኙን የምትሞላው በእውነት እየጻፈች ነው፣ እርሳሷን ምላሷ ላይ ታስነካለች፣ ኪሶቹን ትፈትሻለች፣ ምክንያቱም ላውንደሪ ሠራተኛ ኪስ ትፈትሻለች። በአራተኛው ጊዜ ካፖርቱን ተቀብላ አትፈትሽም። ይኸውላችሁ፣ ዘፈኑ በሙሉ እዚህ ጋ ነው። ኪሱን አትፈትሽም፤ ምንም እንደሌለበት ታውቃለች፣ እንዳልቆሸሸም ታውቃለች፣ ለምን እንደሚመጣም ታውቃለች፤ አጎንብሳ «ሦስት ቀን» ትላለች፣ ድምፅ የለውም፣ ከንፈሯ ብቻ። ብዙ ትላልቅ የፍቅር መጻሕፍት አንብቤ ጨርሻለሁ፣ ብዙዎቹን ለልጆች አውሼ የተቀደዱ ተመልሰውልኛል፤ ከአራት መቶ ገጽ በኋላ እንኳ አንዲት ሴት ኪስ ሳትፈትሽ እንደቀረች ያህል የተናገሩ ጥቂት ናቸው።

መጨረሻ ላይ ሲመጣ መስታወቱ ተዘግቷል። ወረቀት ተለጥፏል፦ «አሁን እመለሳለሁ»። እያንዳንዳችን ያቺን ወረቀት እናውቃታለን፣ በሥጋ ቤት አይተናታል፣ በባንክ አይተናታል፤ አሁን ማለት አንድ ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ ከነገ ወዲያም ሊሆን ይችላል። እሱ ካፖርቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ይቆማል፣ በረዶው ይወርዳል፣ ለመጨረሻ ጊዜ አዝማቹን ይላል፤ እንግዲህ ፖላንድ ለአርባ ዓመት የተጣላችበት ነገር እዚህ ነው። ዘፈኑን ሁሉ እርስዎ እያላት ነው የመጣው። በቋንቋችን በፖላንድኛ ያቺ «ያውቃሉ» የምትለው የአዝማቹ መጨረሻ ግስ ከእርስዎ ወደ አንቺ ስትሄድ የምትጨምረው መጨረሻ ላይ አንዲት ሽ ብቻ ነው። በመጨረሻዋ ግስ ላይ ከበሮ መቺው የነሐስ ሳህኑን ይመታዋል፣ ሽ ይላል። እንግዲህ ያ ሽ የማን ነው? የሳህኑ ነው ወይስ የሰውየው? ያውቃሉ አላት ወይስ ታውቂያለሽ አላት? ከክሊፑ ሥር አራት ሺህ ሰው ጽፎበታል። «ጆሮ ያለው ይስማ፣ ታውቂያለሽ ነው ያላት» ይላል አንዱ። «የአንተ ጆሮ ራሱ ላውንደሪ ይሂድ» ይለዋል ሌላው። አንዲት ሴት ደግሞ «ባሌና እኔ በዚህ ተጣልተን ሳንነጋገር ያደርንበት ቀን አለ፣ ዛሬ እሱ የለም፣ እሺ፣ እንዳልከው ታውቂያለሽ ነው ያላት፣ አሸነፍክ» ብላ ጽፋለች። እኔ የሳህኑ ነው ባይ ነኝ። ምንጊዜም እንደዚያው ነኝ። አላላትም። አፉን ከፍቶ ነበር፣ አላላትም፤ ስላላላት ነው ዘፈን የሆነው።

ኪንጋ ግን ብሏታል ባይ ነበረች። አምስት ዓመቷ ነው፣ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ቆማለች፣ የፀጉር ብሩሼን እንደ ማይክራፎን ይዛለች፣ እኔ ድንች እልጣለሁ፣ እናቴ ሌዎካዲያ ራዲዮውን ዝቅ አድርጉልኝ እያለች ከወዲያኛው ክፍል ትጮሃለች። ኪንጋ እስከ መጨረሻው ትዘፍንና የመጨረሻዋ ቃል ላይ ስትደርስ ከንፈሯን አሹላ ሽሽሽሽ ትላለች፣ ምራቋ ድንቹ ላይ ይረጫል። «አላላትም» እላታለሁ። «ብሏታል እማ፣ አንቺ ስለማትሰሚ ነው» ትለኛለች። እማ። አንቺ። ስለማትሰሚ። በዚያን ጊዜ በቀን መቶ ጊዜ ትለኛለች፣ እኔም አንድ ጊዜ እንኳ ቆሜ አልሰማሁትም፣ ድንች እየላጥኩ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ሄድኩ። ባሌ ቀደም ብሎ ሌላ ሴት ዘንድ ሄዷል፣ ስለ እሱ የምለው የለኝም። አንዲት የማውቃት ነርስ ባሪ ውስጥ አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት መምህርት አለች፣ የምታገላብጣት ሴት ትፈልጋለች አለችኝ። አንድ ዓመት፤ ኪንጋ ከእናቴ ጋር ትቆያለች። ኪንጋ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ፈረስ ትስላለች፣ እግሮቹ አምስት ናቸው፣ እኔ ካፖርቴን ለብሼ ሻንጣዬን ይዤ ቆሜያለሁ፤ እንዳታለቅስ ብዬ፣ ደግሞም እኔ እንዳላለቅስ ብዬ፣ እንደ ዋዛ «አሁን እመለሳለሁ» አልኳት። እሷም ቀና ሳትል «እሺ» አለችኝ። እነዚያን ሁለት ቃላት የት እንዳነበብኳቸው የማውቅ ሴት ነበርኩ፤ መስታወት ላይ ተለጥፈው ነው። አንድ ዓመቱ አምስት ሆነ። በመጀመሪያ የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም፣ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ከዚያ ወረቀት አገኘሁ፣ መምህርቷ ግን እጄን ይዛ እስክሞት አትሂጂ አለችኝ፤ መሞቻዋም አራት ዓመት ፈጀ። ይህን ስል ራሴን ነፃ እያወጣሁ ይመስለኛል፤ አይደለም፤ የሰው እናት አገላብጬ የራሴን ልጅ ትቻለሁ፣ አረፍተ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ አጻጻፍ ሞክሬለታለሁ፣ እምቢ ብሏል።

ጎረቤቴን ሲኞራ አዶሎራታን ማክሰኞ ዕለት ክሊፑን አሳየኋት። ምድር ቤት ትኖራለች፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ቤቷ ደፍ ላይ ወንበር አውጥታ መተላለፊያውን በሙሉ ትዘጋለች። የእነሱም ቋንቋ እርስዎና አንቺ ስላለው ማስረዳት አልተቸገርኩም።

«ይሄ ሰውዬ ካፖርቱን ስንቴ ነው የሚያሳጥበው?» አለችኝ።

«አራቴ።»

«ሚስት የለውም?»

«ስለሌለው እኮ ነው የሚያመላልሰው።»

«ሞኝ። በመጀመሪያው ቀን የሆነ ነገር ልጋብዝሽ ቢላት ኖሮ ካፖርቱም አያልቅ፣ እሱም በብርድ አይቆም።»

«እርስዎ ነው የሚላት፣ ከየት አምጥቶ ነው ልጋብዝሽ የሚላት?»

«የኔ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በመጀመሪያው ቀን አንቺ አለኝ። በሁለተኛው ቀን እናቴን እማማ አላት። በሦስተኛው ቀን ሶፋችን ላይ ተኝቶ አገኘሁት፤ አርባ ስድስት ዓመት ከዚያ አልተነሳም።» ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ሴትዮዋን ለረጅም ጊዜ አየቻት። «እሷ ግን ታውቃለች» አለች። «ይህቺ ሁሉን ታውቃለች። ፊቷን እዪው፣ ዛሬ መጥቶ እንደሆነ ነው በሩን የምታየው።»

ከዚያ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ስለ ክፍሉ ነገርኳት፤ ኪንጋ እንዴት እንደምታናግረኝም ነገርኳት። ለሃያ ዓመት ጎረቤቴ ናት፣ ይህን አልነገርኳትም ነበር። ኤፕረኗን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

«ስንት ጊዜ ትደውላለች?»

«በየእሑዱ።»

«ለምን?»

«ሁልጊዜ ምክንያት አላት። የአያቷ የልደት ወረቀት የት እንዳለ ልትጠይቅ። ጎመን ስንት ሰዓት እንደሚቀቀል ልትጠይቅ።»

«አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ጎመን መቀቀል አታውቅም?»

ስልኬን ከእጇ ወስጄ ኪሴ ከተትኩት።

«ሚላ» አለችኝ፤ ቦጉሚላ ማለት ያቅታታል፤ «እሷስ ምን እያሳጠበች ነው?»

ተነሥቼ ወጣሁ። ሰባ ሁለቱን ደረጃ ሳላርፍ ወጣሁ፣ በማግስቱ ጉልበቴ አብጦ ዋለ። ይህቺ ሴት ከጸሎት መጽሐፍ በቀር በሕይወቷ የገለጠችው መጽሐፍ የለም።

ረቡዕ ዕለት ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ደወልኩ። ወደ ሌላ አገር የምትሄድ ጡረተኛ መዝገቧን እንዴት ታዛውራለች ልል ነው፤ ዝም ብዬ ነው የምጠይቀው፣ ብያለሁ ለራሴ። የሚያነሣው ሰው አይደለም፣ ማሽን ናት። ድሮ ይህቺ ማሽን እርስዎ ትለኝ ነበር፤ አሁን ወጣት አድርገዋታል። «ሰላም! ልረዳሽ ዝግጁ ነኝ። ለደም ምርመራ አንድን ተጫኚ። ኮድሽን ረሳሽው? አትጨነቂ!» አለችኝ። አልጨነቅም። ኮድ ላኪልኝ ስላት ኮዱን ለማግኘት ኮድ አስገቢ አለችኝ። አርባ ደቂቃ ያህል አንቺ ስትለኝ ቆየች፣ አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም፣ የእኔ ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ የማትለኝን ይህቺ የማታውቀኝ የቆርቆሮ ልጅ በየአረፍተ ነገሩ ታንቆለጳጵሰኛለች። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ ልል ነበር፤ አላለቀስኩም፣ ሽንኩርት ከተፍኩ፣ በዚያው አሳበብኩ።

ወደ ባቡር ጣቢያው መምጣት አለብኝ። ሳምንቱን በሙሉ በዙሪያው ነው የምዞረው። ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሁለት፣ ሰኔ። አምስት ዓመት ቆይቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመለስኩ፤ ሁለት ሻንጣ ይዣለሁ፣ አንዱ በሙሉ የኪንጋ ነው፣ ልብሱን የገዛሁት ለስምንት ዓመት ልጅ እንደሆነ ቤት ስደርስ ነው የሚገባኝ፣ አሥራ አንድ ሞልቷታል። ከባቡሩ እወርዳለሁ፣ መድረኩ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ ለብቻዋ ቆማለች፣ ሰማያዊ ሹራብ፣ ጉንጉን ፀጉር፣ እናቴ ሌዎካዲያ ራቅ ብላ የጣቢያውን ሠራተኛ ባቡሩ ለምን ዘገየ ብላ ትጨቀጭቃለች። ልጅቱ ፊቴን ታያለች። ታያለች፣ ታያለች፣ ከዚያ ጉልበቷን ትንሽ ሰበር አድርጋ «እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሮ» ትለኛለች።

አላወቀችኝም። ይህን ነው ያሰብኩት፤ ልጄ አላወቀችኝም። ሰው ምን ያደርጋል? እናት ምን ታደርጋለች? ሻንጣውን ጥላ ተንበርክካ እኔ እኮ እናትሽ ነኝ ትላለች። እኔ ግን ብዙ ያነበብኩ ሴት ነኝ፤ ቀልድ አያልቅብኝም፤ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ሲሰበር ከአፌ የሚወጣው ቀልድ ነው። ወገቤን ሰበር አድርጌ «እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሪት። ሻንጣ የሚሸከም ሰው አይተው ይሆን?» አልኳት። እናቴ ሰማችና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ኪንጋም ሳቀች፤ የሳቀች መሰለኝ። ሦስት ሳምንት ቆየሁ፣ ሦስቱንም ሳምንት ቀልዱ ቀጠለ። «ወይዘሮ፣ ሾርባ ይጨመርልዎት?» «በጣም ትንሽ፣ ወይዘሪት።» ጎረቤት እየመጣ ሳቀ። ከዚያ እኔ ለሥራ እንደገና ወደ ባሪ ሄድኩ፣ በስልክም ወይዘሮና ወይዘሪት ተባባልን። አንድ ቀን ወይዘሪቷን ተውኳት፣ አንቺ አልኳት፤ እሷ እርስዎን አልተወችም። ቀልዱ በየትኛው ቀን ቀልድ መሆኑን እንደተወ የሚያውቅ የለም። እናቴ ስትሞት በቀብሯ ላይ «ውሃ ልስጥዎት?» አለችኝ፤ የሳቀ ሰው አልነበረም።

በእኛ አገር ደንብ አለ። ሁለት ሰው ከእርስዎ ወደ አንተ ሲሻገር ዝም ብሎ አይሻገርም፤ ይጠየቃል። የሚጠይቀው ደግሞ በዕድሜ የሚበልጠው ነው። ታናሹ ከጠየቀ ብልግና ነው፣ እስኪጠየቅ ይጠብቃል፤ አርባ ዓመት አብረው ሠርተው ታላቁ ስላልጠየቀ እርስዎ እንደተባባሉ ጡረታ የወጡ ሁለት መምህራን አውቃለሁ። ይህ ደንብ ለባዕዳን ነው፣ ለእናትና ለልጅ አይደለም፣ እናትና ልጅ ምን ይጠያየቃሉ? እንደዚያ ብዬ ነው ለሠላሳ ሦስት ዓመት ሳልጠይቅ የቀረሁት። እሷ ትጀምር ብዬ። እሷ ናት ያላወቀችኝ፣ እሷ ትመለስ ብዬ።

አሥር ሰዓት ተኩል። ታች አዶሎራታ ወንበሯን ስትጎትት ይሰማኛል፤ ከተማው ነቅቷል። ልደውል ነው። የምለውን አዘጋጅቻለሁ፦ አመሰግናለሁ፣ ክፍሉን አከራዪው፣ እኔ እዚህ ለምጃለሁ። አጭር ነው፣ ኩራት አለው። ደወልኩ።

«አቤት» አለች። ከጀርባዋ ውሃ ይፈላል።

«እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ ስልኩ ላይ ይጽፋል። እንዴት ዋሉ? ጉልበትዎስ?»

«ደህና ነው። ስለ ክፍሉ ነው የደወልኩት።»

«እሺ።»

ከዚያ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋ። «ኪንጋ» አልኳት፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በዘጠና ሁለት ስመጣ፣ ጣቢያው ላይ፣ ያላወቅሽኝ ጊዜ…»

«የምን አለማወቅ?»

«ወይዘሮ ያልሽኝ ጊዜ።»

ውሃው ይፈላል፤ ሄዳ ምድጃውን ስታጠፋ ሰማኋት።

«አውቄዎት ነበር» አለች።

«ምን?»

«አያቴ በየማታው ፎቶዎን ታሳየኝ ነበር። በመስኮት ሳይዎት ነው ያወቅኩዎት፣ ባቡሩ ሳይቆም። አውቄ ነው ወይዘሮ ያልኩዎት።»

«ለምን?»

«እንዲቆጡኝ ነዋ። የምን ወይዘሮ ነው፣ እኔ እናትሽ ነኝ እንዲሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነበር ያደርኩት። ይቆጡኛል፣ ከዚያ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ያቅፉኛል ብዬ።» ትንሽ ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «እርስዎ ግን ሻንጣ ተሸካሚ ጠየቁኝ።»

የስልኩ ጠርዝ ጆሮዬን ያመኛል፣ አላነሣሁትም። ምን ልል እችላለሁ? ይቅርታ የሚለው ቃል አለ፣ እሱን አልኩ። በጣም ትንሽ ሆኖ ወጣ፣ የሰማችው አይመስለኝም፣ ደግሜ አልኩት።

«እሺ» አለች፤ ፈረስ ስትስል እንዳለችው ዓይነት እሺ።

«እንግዲህ በዕድሜ የምበልጠው እኔ ነኝ» አልኩ፤ ድምፄ የጽሕፈት ቤት ድምፅ ሆነብኝ፤ «ደንቡ እኔ እንድጠይቅ ነው። ልጠይቅሽ።»

የድስት ክዳን ስትከድን ሰማኋት።

«አልችልም» አለች። «ይጠይቁኝ፣ ግን አልችልም። ለብቻዬ ሞክሬዋለሁ፣ ባዶ ትራም ስነዳ፤ አፌ እምቢ ይለኛል። ክፍሉን ቀለም ቀብቼዋለሁ። ሾርባ አበስልልዎታለሁ፣ ሐኪም ቤት እወስድዎታለሁ፣ ከደከመዎት አጥብዎታለሁ። ግን እርስዎ እንዳልኩ ነው። ይበቃዎታል?»

«ይበቃኛል» አልኳት። አይበቃኝም። ለማን ይበቃል? ግን ሠላሳ ሦስት ዓመት ቆማ የጠበቀችኝን ልጅ አሁን ደግሞ ቶሎ በይ ልላት አልችልም።

«ርግጠኛ ነዎት?»

«ርግጠኛ ነኝ። እመጣለሁ።»

«እንግዲያው ይቆዩ፣ አይዝጉት፣ ለተማሪዋ ልደውልላት፣ ሌላ ክፍል ትፈልግ።»

ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስቀመጠችው፣ ጠረጴዛ ይሆናል፣ ቀጭ አለ። እርምጃዋ ራቀ። በሌላ ስልክ ስትደውል ይሰማኛል፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ከዚያ የሥራ ድምፅዋን አወጣች፣ ተሳፋሪ የምታናግርበትን።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ወይዘሪት። አዎ፣ የቶሩኑ ክፍል። በጣም ይቅርታ፣ ተይዟል። አይ፣ ሌላ ተከራይ አይደለም።» ከወዲያ በኩል ጥያቄ ቀርቦላት መሰለኝ። «እናቴ ናት» አለች። «እናቴ ልትመጣ ነው።»

አልዘጋሁትም። መጥታ እስክታነሣው ድረስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ፣ እንዳትሰማኝ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቆየሁ።